ለሙሽራዋ የጠፋው ቆልማማ ጭራ

ልጄ ቺናሚ ልታገባ ሁለት ወር ሲቀራት በመላው ሃማራ ደሴት አንዲት ቆልማማ ጭራ ያላት የድመት ግልገል ታጣች። ነገሩ ቀልድ ይመስላል፤ እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። እኛ ዘንድ ሴት ልጅ ስትዳር ጭራዋ እንደ መንጠቆ የታጠፈ ግልገል በቅርጫት ይዛ ነው ከደሴቱ የምትወጣው። ኪሞኖውም ሆነ የልብስ ሣጥኑ ቢጎድል ሰው አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ግልገሏ ከጎደለች ግን ጉዱ ፈላ። የታጠፈው ጭራ ዕድልን ጠልፎ ወደ ቤት ይጎትታል ይባላል፤ ዓሣ አጥማጅ ደግሞ ስለ መንጠቆ የተባለውን ሁሉ ያምናል።

ባለቤቴ ሳዮ የሞተችብኝ ቺናሚ ገና ትምህርት ቤት ስትገባ ነው። አልጋ ላይ ሆና እጄን ያዘችና፣ «ልጄን ያለ ቆልማማ ጭራ እንዳታስወጣት፤ ባዕድ ቤት ብቻዋን አትገባም» አለችኝ። ሌላ ነገር አላለችኝም። ሩዝ እንዴት እንደሚቀቀል እንኳ ሳትነግረኝ ነው የሄደችው። ሩዙን እያሳረርኩ ተማርኩት፣ የልጄን ፀጉር መጎንጎንም እያስለቀስኳት ተማርኩት። የቀረኝ ያ አንድ ቃል ነበር፤ እሱን ሳልፈጽም ልጄን ጀልባ ላይ ማሳፈር ሞት ሆነብኝ።

ስለዚህ ፍለጋ ወጣሁ። ከወደቡ እስከ መብራት ማማው ያለውን የመረብ ጎጆ፣ የተገለበጠ ጀልባ፣ የዓሣ ሣጥን ክምር ሁሉ እያጎነበስኩ አየሁ። ድመት ሞልቷል። ጭራው ግን ቀጥ፣ አሁንም ቀጥ፣ እንደገና ቀጥ። የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ሊቀመንበሩ ካንቤ፣ ከልጅነት ጀምሮ ስንነታረክ የኖርን ጓደኛዬ፣ ከቢሮው መስኮት ብቅ ብሎ ያየኛል።

«ቶኩጂ፣ በዚሁ ከቀጠልክ ወገብህ ራሱ መቆልመሙ አይቀርም» አለኝ። «ያኔ ቺናሚ አንተን በቅርጫት ይዛ ትሄዳለች።»

«አንተ ጢምህን አበጥር» ብዬው አለፍኩ።

መምህር አኪዙኪ የደረሱት በዚያው ሰሞን ነው። አኪዙኪ የእንስሳትን ዘር ውርስ የሚያጠኑ የዩኒቨርሲቲ መምህርት ናቸው። ከአምስት ዓመት በፊት መጥተው ከተማሪዎቻቸው ጋር የደሴቱን ድመት ጭራ እያዩ ሲቆጥሩ ከርመው ነበር። ያን ጊዜ ሰዉ፣ «ይቺ ሴትዮ ሥራ ፈት ናት» ብሎ ሳቀባቸው። እሳቸው ግን አብረው ሳቁና ቁጥራቸውን ቀጠሉ፤ ወዲያው ወደድናቸው። ያኔ ያገኙት ከአስር ድመት ስድስቱ ቆልማማ መሆኑን ነው።

ካንቤ ያኔ፣ ልክ እንደ ሁላችንም፣ የራሱ እምነት ነበረው። «መምህር፣ የቀጥ ጭራ ደም ኃይለኛ ነው» አላቸው። «በዕቃ ጀልባ ከናጋሳኪ ማዶ ካለው አገር የመጡ ናቸው ያበላሹብን። ቀስ እያሉ የኛዎቹን ይውጧቸዋል።»

«ደም አይዋዋጥም ጋሼ ካንቤ» አሉ አኪዙኪ፤ ከማኅበሩ ቢሮ መደርደሪያም የካንቤን የሰሌዳ ጨዋታ ጥቁርና ነጭ ጠጠሮች አውርደው ባልዲ ውስጥ ዘረገፏቸው። ካንቤ ከጠጠሮቹ ውድ ነገር የለውም፤ ዓይኑ ፈጠጠ። «እያንዳንዱ ድመት ሁለት ጠጠር ይዞ ይወለዳል። አንዱን እናቱ፣ አንዱን አባቱ ይሰጡታል። ከሁለቱ አንዷ እንኳ ጥቁር ከሆነች ጭራው ይታጠፋል። ቀጥ የሚለው ሁለቱም ነጭ ሲሆኑ ነው። በሉ፣ ሳታዩ ሁለት ሁለት እያወጣችሁ ደርድሩ።»

ደረደርን። ቆጠርን። መለስን፣ አማሰልን፣ እንደገና አወጣን። አንዳንዴ ትንሽ ከፍ፣ አንዳንዴ ትንሽ ዝቅ ይላል እንጂ ጥቁር ያለበት ጥንድ ብዛቱ ያው ነው። ካንቤ ጠጠሮቹ እንዲታዘዙለት እጅጌውን ሰብስቦ ቢያማስልም የተለወጠ ነገር የለም።

«አያችሁ» አሉ አኪዙኪ። «ጥቁሩ ነጩን አይበላም፣ ነጩም ጥቁሩን አያባርርም። ድመቶቹ ሲጋቡ ጭራ አይተው እስካልመረጡ፣ ሰውም እጁን እስካላስገባ ድረስ ቁጥሩ ባለበት ይረግጣል። ከአምስት ዓመት በኋላ ስመጣ ከአስሩ ስድስት ግድም ቆልማማ አገኛለሁ።»

«ካላገኙስ?» አለ ካንቤ።

«ካላገኘሁ አንድ ቀን ሙሉ ከሴቶቹ ጋር ዓሣ እሰነጥቃለሁ።»

ዘንድሮ ተመልሰው ቆጠሩ። ከአስሩ ሦስት እንኳ አልሞላም። ካንቤ ውጤቱን ሲሰማ ጢሙ ስር ያለው ፈገግታ እስከ ጆሮው ደረሰ። ወደብ ላይ ያገኘውን ሁሉ እያስቆመ፣ «ብዬ ነበር፣ አላልኩም?» ይል ጀመር። እኔም ብሆን ውስጤ ተቃጥሎ ነበርና ማኅበሩ ቢሮ ገብቼ ሴትዮዋን፣ «እንግዲህ ትንቢትዎ ከሸፈ፤ ልጄም ያለ ግልገል ልትሄድ ነው» አልኳቸው።

አኪዙኪ ግን የከሸፈበት ሰው ፊት አልነበራቸውም። ዓይናቸው ያበራል፤ ወንበር ላይ መቀመጥ እንኳ አቅቷቸዋል።

«እንዴት ደስ እንዳለኝ አያውቁም ጋሼ ቶኩጂ» አሉኝ።

«በመሳሳትዎ?»

«ትንቢቴ የቆመው 'ማንም እጁን ካላስገባ' በሚል ላይ ነዋ። ቁጥሩ ትንሽ ቢወርድ ዕድል ነው እል ነበር። እንዲህ ቁልቁል ከተምዘገዘገ ግን አንድ ሰው እጁን አስገብቷል። ማን እንደሆነ ነው አሁን የምፈልገው።»

ካንቤ ፈገግታው ረገፈ። «ሌባ አለ ነው የሚሉት? ድመት ሌባ?»

«ሌባ ላይሆን ይችላል።»

«ፖሊሱን ልጥራው» ብሎ ተነሳ። በግድ አስቀመጥነው።

ዓሣ የመሰንጠቂያው ቀን ደረሰ። ሴቶቹ ወደቡ ዳር ባለው ዳስ ተደርድረው፣ ዓሣውን በሆዱ ቀደው፣ አጥበው፣ በጨው ነክረው ማድረቂያው ላይ ያሰጡታል። አኪዙኪ ትልቅ ሽርጥ አድርገው መሐላቸው ተቀመጡ። ቢላዋ አያያዛቸው ያስፈራ ነበር። እትዬ ሺጌ፣ ምላሷ ከቢላዋዋ የሚብስ መበለት፣ ጎናቸው ናት።

«መምህር፣ ዓሣው ሞቷል እኮ፤ ደግመው አይግደሉት» አለቻቸው። ዳሱ በሳቅ ተናጋ።

እኔ ሣጥን ተሸክሜ ስገባ ሺጌ ወደኔ ዞረች። «ቶኩጂ፣ ግልገሏን አገኘህ?»

«አላገኘሁም።»

«ምነው አምና መጥተህ በሆነ። አንጀት የምትበላ ቆልማማ ነበረችኝ። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ሲዛወር ሰጠሁት፤ ሰውየው ለልጆቻችን ስንት ደክሟል።»

«የኔዋን ፖስታ ቤት የነበረችው ልጅ ወሰደቻት» አለች ከወዲያ ያለችው። «ባዶ እጇን እንዴት ትሂድ?»

«የኔዎቹን ሁለቱን ልጆቼ ኦሳካ ፋብሪካ ሲገቡ አስያዝኳቸው።»

«እኛ ደግሞ ወደ ሩቅ ባሕር ለወጣው አዲስ ጀልባ ሰጠን።»

እንዲህ እየተቀባበሉ ቀጠሉ፤ የሰጡትን ሲናገሩ ሁሉም ኩራት ኩራት ይላቸዋል። የአኪዙኪ ቢላዋ ዓሣው ሆድ ውስጥ እንደገባ ቀርቷል።

«እትዬ ሺጌ፣ ቀጥ ጭራዎቹንስ ለማን ሰጣችሁ?» አሉ ቀስ ብለው።

«ቀጥ ጭራ? ለተከበረ ሰው ቀጥ ጭራ ይሰጣል እንዴ? ነውር አይደለም?»

«ታዲያ የት ይሄዳሉ?»

«የት ይሄዳሉ። እዚሁ ናቸዋ። ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ ይወል…» አለችና ሺጌ ቃሏን ዋጠችው። ቅርፊት የተለጠፈበት እጇን አፏ ላይ ጫነች። አንዷ በሳቅ ፍርፍር አለች፤ ሌላዋ ተከተለች፤ በመጨረሻ ሁሉም ሆዳቸውን ይዘው ዓሣው ላይ ተደፉ። እኔም ሣጥኑን ጥዬ ሳቅሁ፤ ሌላ ምን ይደረጋል? የሚወደውን ሁሉ መርጦ እየሰጠ፣ የማይፈልገውን ብቻ ለዘር ያስቀረ ሕዝብ በዓለም ላይ እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። ድሮ ከደሴቱ የሚወጣ ሰው ጥቂት ስለነበር አልታወቀንም። አሁን ወጣቱ ሁሉ ወደ ከተማ ሆነ፤ አንድ ሰው በተሳፈረ ቁጥር አንድ ቆልማማ ጭራ አብሮ ይሳፈራል።

ነገሩን ለካንቤ ስንነግረው ፊቱን አጠቆረ። «እኔ አንድም ሰጥቼ አላውቅም» አለ። ከጀርባው ግድግዳው ላይ፣ ለተሰናባቹ ፖሊስ ቆልማማ ግልገል ሲያስረክብ የተነሳው ፎቶ በመስታወት ተሰቅሏል። ከሱ ቀጥሎ ለሐኪሙ ሲያስረክብ፣ ከሱ ቀጥሎ ለመብራት ማማው ጠባቂ። የሁላችንም ዓይን እዚያ ላይ ሄደ። ካንቤ ዞሮ አየና ጢሙን አሸት አሸት አደረገ።

«እኔ ሊቀመንበር ስለሆንኩ ነው» አለ።

በማግስቱ ደግሞ ጉድ ተሰማ። በካንቤ የመረብ ጎጆ ውስጥ አንዲት አሮጊት ቆልማማ ድመት አራት ወልዳለች። ሦስቱ ቀጥ፤ አራተኛዋ፣ ባለ ሦስት ቀለሟ፣ ጭራዋ ጫፉ ላይ ሁለቴ ተጣጥፏል። ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ፤ ሳዮ ራሷ የላከቻት ነው የመሰለኝ። እየሮጥኩ ሄድኩ። ካንቤ ደጁ ላይ እግሩን አንፈራጦ ቆሟል።

«አትወጣም» አለኝ።

«ምን ማለትህ ነው?»

«ከእንግዲህ ቆልማማ ጭራ ከሃማራ አይወጣም። ማኅበሩ ወስኗል።»

«መቼ ተሰብስቦ?»

«ቅድም። እኔ ተሰብስቤ ወሰንኩ።»

ደሜ ፈላ። «ዕድሜ ልክህን ለመጣ ለሄደው ስትረጭ ኖረህ፣ የኔ ልጅ ላይ ስትደርስ ነው ዘር ጠባቂ የሆንከው?» አልኩት። እሱም ጮኸ፣ እኔም ጮኽኩ፤ ድመቷ ልጆቿን አንድ በአንድ በአንገታቸው አንጠልጥላ ወደ ጥልቁ የመረብ ክምር ገባች። በመጨረሻ ሁለታችንም ተያይዘን አኪዙኪ ዘንድ ለዳኝነት ቀረብን።

«መምህር፣ አንዷ ግልገል ብትሄድ ምን ይጎድላል?» አልኳቸው።

አኪዙኪ የሚቆጥሩበትን ደብተር ዘጉ። «እውነቱን ልንገርዎት» አሉ። «አንዷ ብትሄድ ቁጥሩ ላይ እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ አታመጣም። ግን ጋሼ ቶኩጂ፣ እስካሁን የሰጠው ሰው ሁሉ የሰጠው አንዷን ነው። ፍርዱን ለናንተው ትቼዋለሁ፤ እኔ መቁጠር እንጂ ልጅ መዳር አላውቅም።»

ያኔ ነው የሳዮን ቃል አፍ አውጥቼ የተናገርኩት። ለካንቤም ቢሆን ነግሬው አላውቅም ነበር። ተናግሬ ስጨርስ አፈርኩና ወጥቼ ሄድኩ።

በማግስቱ ጠዋት በሬን ስከፍት ካንቤ ቆሟል። ዓይኖቹ ቀልተዋል። «ጡት ስትጥል ውሰዳት» አለኝ። «ሳዮ በህልሜ መጥታ እንድትቆጣኝ አልፈልግም። በቁሟም ብትሆን እፈራት ነበር።» ላመሰግነው አፌን ስከፍት፣ «ዝም በል፣ ሐሳቤን ሳልቀይር» ብሎኝ ሄደ። ወንድም አለኝ ብዬ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ግን እንዳለኝ በደንብ አወቅሁ።

ቺናሚ ሁሉንም ሰምታለች። ማታ ማታ ከሙሽራው ከሪዮሄይ ጋር በስልክ ታወራለች። ሪዮሄይ ናጋሳኪ ውስጥ ትራም፣ የከተማውን ባቡር፣ ይነዳል። እርጋታው ግሩም ነው፤ ትራም እየነዳ ይሁን ሻይ እየጠጣ ፊቱ አይለወጥም።

ሠርጉ እኛው ቤት ተደገሰ። ቀይ ሩዝ ተቀቀለ፣ ዓሣው በሙሉ ቁመናው ሳህን ላይ ተዘረጋ፣ የሩዝ መጠጡ ሳኬ በበርሜል ተከፈተ። አኪዙኪም መሄጃቸውን አራዝመው ቀሩ። ሪዮሄይ ከዘመዶቹ ጋር ከጀልባ ሲወርድ በእጁ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የእንጨት ሣጥን ይዟል። ጥቁር ሱፍ ልብሱ በሙሉ የድመት ፀጉር ሆኗል።

«ጥሎሽ ነው» አለና ሣጥኑን እግሬ ስር አኑሮ ከፈተው።

ግዙፍ ወንድ ድመት ወጣ። አንድ ጆሮው ተተልትሏል፣ ፊቱ የጉምሩክ ኃላፊ ፊት ነው፤ ጭራው እስከ ሥሩ ድረስ ተቆልምሟል። ተንጠራራ፣ ሰርገኛውን አንድ በአንድ አየ፣ ዓሣው ወዳለበት አቀና።

«ከትራም ጋራዡ ነው ያመጣሁት» አለ ሪዮሄይ በዚያው በማይለወጥ ፊቱ። «ቺናሚ ቆልማማ አምጣ ስትለኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ናጋሳኪ ውስጥ ቀጥ ጭራ ፈልግ ብትሉኝ ነው የሚቸግረኝ።»

ካንቤ ከተቀመጠበት ተነስቶ ድመቱን እንደ ሕፃን አቅፎ ቤቱን ዞረ። ድመቱ ሲቧጥጠው እንኳ አላስቀመጠውም። ከዚያ ስኒውን አንስቶ፣ ፊቱ በሳኬ ቀልቶ፣ ንግግር ጀመረ። «ከዛሬ ጀምሮ» አለ፣ «ከሃማራ ሚስት የሚወስድ ሁሉ ቆልማማ ጭራ ይዞ ይመጣል። ባዶ እጁን የመጣ ባዶ እጁን ይመለሳል።» ሰዉ በጭብጨባ ተቀበለው፤ ይህም ስብሰባ ከሆነ ያኔ ማኅበሩ በእውነት ወሰነ።

አኪዙኪ ጆሮዬ አጠገብ ጠጋ አሉ። ጣቶቻቸው ጠረጴዛው ላይ የሆነ ነገር ያሰላሉ።

«ጋሼ ቶኩጂ፣ ደሴቱ ላይ ስንት ያላገቡ ልጃገረዶች አሉ?»

ካንቤ ሰምቷል። «መምህር፣ አሁን የሚቆጥሩት ድመት ነው ወይስ ሙሽራ?»

«ሁለቱ አንድ ሆነውብኛል» አሉ አኪዙኪ እየሳቁ። «ከውጭ የሚገባው ጥቁር ጠጠር በሙሽሮቻችሁ ልክ ነዋ። ሌላ አምስት ዓመት ስጡኝ፤ አሁን ትንቢቴ ብቻውን አይቆምም፤ ሚዜዎች አሉት።»

እትዬ ሺጌ፣ «እኔንም ይቁጠሩኝ፤ መበለት ናት ብለው እንዳይዘሉኝ» አለች። ሳቁ ጣራውን አነሳው። እኔ ግን በመሐሉ ጓዳ ወዳለው ቅርጫት ዓይኔ ይሄዳል። ግልገሏ ጡት ጥላ መጥታለች፤ በቀይ ጨርቅ ላይ ተኝታለች።

ከሰዓት ሁላችንም ወደ ወደቡ ወረድን። ቺናሚ በነጭ ልብሷ እናቷን ቁርጥ ናት፤ ላያት አልቻልኩም፣ ስለዚህ ቅርጫቱን እያየሁ ሰጠኋት።

«ይኸው። እናትሽ ያለችኝን ፈጸምኩ።»

ክዳኑን ከፈተች። ግልገሏን አወጣችና ጭራዋን በጣቷ ነካ ነካ አደረገች፤ ከዚያ ደረቴ ላይ ኪሞኖዬን ከፈት አድርጋ ውስጥ ከተተቻት።

«ምን ነካሽ?»

«አባዬ፣ እማዬ ምን ነበር ያለችህ?»

«ባዕድ ቤት ብቻዋን አትገባም አለችኝ።»

«እኔ የምሄደው አማት፣ አማች፣ ምራት፣ ሙሉ ጋራዥ ቆልማማ ድመት ወዳለበት ነው። ብቻዬን ለመሆን ብፈልግ እንኳ አያስችሉኝም።» ኮሌታዬን አስተካከለችልኝ፤ እጇ ከኮሌታዬ አልተነሳም። «ባዶ ቤት የምትገባው አንተ ነህ። ጭራዋ ላንተ ነው።»

«እኔ ድመት ምን ያደርግልኛል?»

«ታናድድሃለች። ሌላ የሚያናድድህ ሰው የለማ።»

ሃያ ዓመት ሙሉ ልጄ ብቻዋን እንዳትሆን ስሰጋ፣ እሷ ለካ ስለኔ ስትሰጋ ኖራለች። ዕንባዬ ዝም ብሎ ወረደ፤ ካንቤ ሌላ ወገን እያየ መሐረቡን አቀበለኝ።

ጀልባው መለከቱን ነፋ። እንደ ልማዳችን ተሳፋሪው ከላይ፣ ቀሪው ከታች ሆነን ባለ ቀለም የወረቀት ሪባን ጫፍና ጫፍ ያዝን። የኔና የቺናሚ ቢጫ ነበር። ጀልባው ቀስ እያለ ሲርቅ ሪባኑ ተወጠረ፤ ያን ጊዜ ትንፋሹን የማይውጥ አባት የለም፣ መቼ እንደሚበጠስ አይታወቅምና። እኔም እንዳይበጠስ እጄን ወደፊት ሰድጄ፣ ባሕሩ ጠርዝ ደርሼ፣ ዓይኔ በዕንባ ተሞልቶ ቆሜያለሁ።

በዚህ መሐል ግልገሏ ከደረቴ ብቅ አለች። ነፋሱ የሚያርገበግበውን ሪባን አየች። ተወርውራ ክንዴ ላይ ወጣች፣ በሁለት እጇ ያዘችውና በጥርሷ ቀጭ አደረገችው።

ቢጫው ጫፍ ወደ ጀልባው በረረ። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ካንቤ፣ «ገና ሳትገባ ጀመረች» አለ። ከላይ ቺናሚ የጀልባውን መደገፊያ ብረት ይዛ፣ ነጩ ልብሷ ላይ እስክትደፋ ድረስ ትስቃለች፤ ሪዮሄይ እንኳ፣ ያ ፊቱ የማይለወጠው፣ ትከሻው ይርገበገባል። ሳቋ ከሞተሩ ድምፅ በላይ ሆኖ ይሰማኝ ነበር፤ ጀልባው የመብራት ማማውን እስኪያልፍም እጄን ሳወዛውዝ፣ ግልገሏ የቀረውን ሪባን ከእጄ ልትነጥቅ ስትታገለኝ ቆየን።